ሞተር በአውጫጭኝ ሲመረመር

ወንድ ልጅ ምንም ይጣ ምን፣ ጥፋተኛ አጥቶ አያውቅም! በሬው ከለገመ ቀንበሩ ነው፤ አዝመራው ካረረ ደመናው ነው፤ ከሰከረ ጌሾው ነው። መኪናው ከተበላሸማ... ኧረ ተዉኝ! መኪናው የተበላሸበት ወንድ ፊት አገር ሁሉ ተከሳሽ ነው፤ ንጹሐን መኪናውና እሱ ብቻ ናቸው። ይህን ስታነቡ ፊታችሁን የምታጨማድዱ ወንዶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። አታጨማድዱ፣ ታገሡኝ። ወደ መጨረሻው ግድም የእናንተም ቀን ይመጣል።

ለማታውቁኝ፣ ትጓደድ እባላለሁ፤ የፍኖተ ሰላም ሰው ነኝ። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ነው፤ የምስክር ወረቀቴ እስከ ዛሬ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። ከሊቅ ጋር በመጽሐፍ አልከራከርም፤ በፍርድ ከሆነ ግን ለሊቅም አልመለስ። ልጆቼ ሕፃናት ሳሉ አንድ ሸንኮራ ለአራት ስከፍል በክር ለክቼ ነበር። አንዱ ሁለት ይዞ ሌላው ባዶ እጁን ቆሞ ካየሁ ደሜ ይፈላል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ታስፈልጋችኋለች።

ይበልጣል የልጄ የውዴ ባል ነው። ሹፌርም መካኒክም ነው። ጠባዩ ወርቅ ነው፤ ስለ መኪናው ካነሳችሁበት ግን ወርቁ ወዲያው ይቀልጣል። አንዲት አሮጌ ነጭ አውቶሞቢል አለችው፤ ከእርጅናዋ የተነሳ ከተነዳችበት ቀን የተገፋችበት ቀን ይበዛ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ከተገለበጠ መኪና የወጣ ሞተር ከባሕር ዳር አስጭኖ መጣና ግቢዬ ውስጥ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲፈታ ሲገጥም ከረመ።

«እማማ፣ ይሄኛው እኮ ቱርቦ አለው!» አለኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

«ቱርቦ ደግሞ ማነው?»

«ለሞተሩ አየር በግድ የሚያጎርስ ነው። ጭሱ ሲወጣ አንዲት ትንሽ መዘውር ያሽከረክራል፤ መዘውሯ ደግሞ አየር እየጨመቀች በዚህ ወፍራም የጎማ ቱቦ ወደ ሞተሩ ትልካለች።»

«ወናፍ ነው በለኛ!»

«አዎ፣ እንደ ወናፍ! ልዩነቱ የሚነፋው ሰው ሳይሆን ጭሱ ራሱ ነው።»

ገባኝ። የራሱን ጭስ እየጎተተ የሚሮጥ ባለ ወናፍ መኪና። መኪናይቱም እውነት ለመናገር ነፍስ ዘራች! ቡሬ ደርሳ ስትመለስ ሚኒባሱ ገና ማንኩሳ ሰው ይጭናል። ይበልጣልም አንገቱ አንድ ስንዝር ረዘመ።

አንድ ቀን ቡሬ አጠገብ ልቅሶ ተጠራንና በማግስቱ ልንሄድ ተነጋገርን። እኔም አማች የእኔን ስም ይዞ በአቧራ አይሄድም ብዬ መኪናዋን አጠብኩለት፤ ኮፈኗንም ከፍቼ ውስጧን በጨርቅ ወለወልኩ። ያን ዕለት ሥራ ቀንቶኝ ነበር። ስድስት ቤት ውሃ የሚቀዳበትን የጓሮ ቧንቧችንን ጎማ እንኳ፣ ለወራት በቡትቶ ታስሮ ሲያንጠባጥብ የኖረውን፣ አበጀሁት። ጎረቤቶቼ ሲመርቁኝ አመሹ።

በማግስቱ ሦስት ሆነን ወጣን፦ ይበልጣል፣ እኔና የእድራችን ዳኛ አቶ በላይ። ሜዳው ላይ መኪናዋ እንደ ጨዋ ልጅ ሄደች። ቡሬ ስንቃረብ ዳገቱ ጀመረ። ይበልጣል ነዳጅ ረገጠ፤ ሞተሩ አጓራ፤ ማርሽ ሊቀይር እግሩን ሲያነሳ...

ጧ!

አቶ በላይ ወንበሩ ላይ ተጋደሙ። «ማነው የሚተኩስብን?»

«ሞተሩ ነው አባባ፣ አይዞዎት።»

«ሞተሩን ምን አድርገነው?»

ጧ! ጧ!

ልቅሶ ቤቱ የዳገቱ አናት ላይ ነው። አገራችንን ለማታውቁ ልንገራችሁ፦ ሟች የተከበረ ሰው ሲሆን፣ ከሩቅ የሚመጣ ለቀስተኛ እየተኮሰ ቢደርስ ክብር ነው፤ ባለ ልቅሶውም በተኩስ ይቀበለዋል። እኛ ሦስቴ ስናስጮህ ከግቢው ሦስት ጥይት መለሱልን። ድንኳኑ በሙሉ ተነሳ! ከፍኖተ ሰላም ማን ታላቅ ሰው መጣ ብለው ዋይታውን አዲስ አደረጉት። ሟች ለእኔ የአክስቴ ልጅ አማት ነበሩ፤ ዝምድናው በመነጽርም አይታይም። ያን ዕለት ግን ከልጆቻቸው ቀጥሎ እኔን አስቀመጡኝ። አቶ በላይማ የክብር ወንበር ሲቀርብላቸው አንገታቸውን ቀና አድርገው እንደ ፊታውራሪ ተቀመጡበት፤ «የተኮሰው ሞተሩ ነው» የምትለዋን ቃል ከአፋቸው ማን ያውጣት!

ትንሽ ቆይቶ አንሙት የሚባል የአካባቢው ሚሊሻ፣ ክላሹን አንግቶ ጎንበስ ብሎ መጣ።

«እናቴ፣ ነፍስ ይማር። የተኮሰው የትኛው ነው?»

«መኪናው ነው ልጄ።»

«መኪናው ውስጥ ማን?»

«መኪናው ራሱ!»

ይበልጣልን ወደ ውጭ ጠራው። «መሣሪያህን አሳየኝ።»

«መሣሪያ የለኝም፤ ያለኝ ቱርቦ ነው።»

«እሱስ ተመዝግቧል?»

አንሙት ወንበሩን ሁሉ ገልብጦ ፈተሸ። ያገኘው ክሪክና የእኔን ነጠላ ጫማ ነው። ክሪኩን አገላብጦ አየው፣ ሽታውን አሸተተ፣ ከዚያ ደብተሩን አውጥቶ «ድምፁ ተሰምቷል፤ መሣሪያው አልተመዘገበም» ብሎ ጻፈ። እኔ መሠረተ ትምህርት የተማርኩ ነኝ፤ በትከሻው ላይ አንብቤዋለሁ።

ስንመለስ ይበልጣል ጥርሱን ነክሶ ነበር። ማንኩሳ ደረስን። እዚያ ሲደርስ ጥፋተኛውን አገኘ!

«ቤንዚኑ ነው። ሐጂ ኑሩ ነጭ ጋዝ ቀላቅለውብኛል!»

ሐጂ ኑሩ የሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ናቸው። ማደያው በደረቀ ቁጥር ከተማው ቤንዚን የሚቀዳው ከእሳቸው ሱቅ፣ ከጀሪካናቸው ነው። የእድራችን ድንኳን የሚያድረው በእሳቸው መጋዘን ነው፤ ክርስቲያን ሞተ እስላም ሞተ፣ ቀድመው ቁልፉን ይዘው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ይበልጣል ግን ይህን ሁሉ ረስቶ ወሬውን ጋራዥ ውስጥ ተናገረ። ጋራዥ ያለ ባጃጅ ነጂ ሰማ። ባጃጅ ነጂ የሰማውን ደግሞ... ባጃጅ ሦስት ጎማ ያለው ወሬ እኮ ነው! በሦስት ቀን ውስጥ ከተማው በሙሉ ሐጂ ኑሩን በአፍንጫው ይመለከት ጀመር።

አራተኛው ቀን ሐጂ ራሳቸው መጡ። ደጃፌ ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም።

«ይግቡ እንጂ ሐጂ!»

«አልገባም እትዬ ትጓደድ። ሠላሳ ዓመት ሰፍሬ ሰጥቻለሁ፤ አንድ ቀን ስፍሬን የተጠራጠረ የለም። ዛሬ አንድ ወዳጄ ጨበጠኝና፣ ዞር ሲል እጁን ሲያሸት አየሁት። ሰው እጄን ጨብጦ እጁን ካሸተተ፣ ከእንግዲህ በዚህ ከተማ ምን እሸጣለሁ? ሱቁን ልዘጋ ነው። የድንኳኑን ቁልፍ ለእድሩ ላስረክብ ነው የመጣሁት።»

ቁልፉን ዘረጉልኝ። አልተቀበልኩም። ደሜ ፈልቶ ከጆሮዬ ሊወጣ ደረሰ! በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄጄ ይበልጣልን ከመኪናው ሥር በእግሩ ጎተትኩት ማለት ይቻላል።

«ስማ! ሐጂ ጋዝ ሲቀላቅሉ ያየ ምስክር አለህ?»

«ሞተሩ ራሱ ይመሰክራል እኮ እማማ።»

«ሞተሩ ተከሳሽ ነው! ተከሳሽ የሰው ስም እየጠራ ያመልጣል እንዴ? የአንተ ነገር እኮ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው! ሞተርህን መመርመር ፈርተህ የሰው ስም ትደበድባለህ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አውጫጭኝ!»

ልጆች ሆይ፣ አውጫጭኝ ማለት እንዲህ ነው። በገጠር ከብት ሲሰረቅ፣ ጎተራ ሲቃጠል፣ አድራጊውም ሲጠፋ፣ ሰፈርተኛው በሙሉ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል። ሁሉም ምሎ ያየውን የሰማውን ያወጣል። ሰው ፊት መናገር የፈራ እንደሆነ ደግሞ «ወፍ» የሚባሉ አሉ፤ ስማቸው ሳይታወቅ ለዳኛው ሹክ ይላሉ። ጥፋተኛው ሳይገኝ ማንም ቤቱ አይገባም። እኔ ልጅ ሆኜ በእናቴ አገር በሬ ሌባ በዚህ ሲያዝ አይቻለሁ። ሞተር ከበሬ ይበልጣል እንዴ?

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢዬ ውስጥ ማንጎው ሥር ተሰበሰብን። አቶ በላይ ዳኛ ሆኑ። ሐጂ ኑሩ ቁልፋቸውን ጨብጠው አንድ ጥግ ተቀመጡ። «አይቼ አላየሁም፣ ሰምቼ አልሰማሁም ብል...» እየተባለ ተማለ። ሐጂ «ወላሂ» አሉ፤ ይበልጣል በጊዮርጊስ ማለ። እኔማ ተነስቼ፣ ሁለት እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ፣ «ሚካኤልን! የማውቀውን ብደብቅ ምላሴ ይታሰር!» ብዬ ግቢውን አናወጥኩት። አቤት አማማሌ! ዛሬም ሳስበው ጀርባዬን ያሳክከኛል።

መጀመሪያ የተጠየቀው ቤንዚኑ ነው። ከሐጂ ጀሪካን ቀድተን በነጭ ጠርሙስ ማንጎው ሥር አስቀመጥነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ አቶ በላይ፣ ጠላቸውን እያነሱ። ውሃ ካለው ከታች ይዘቅጣል። አልዘቀጠም። ከዚያ ይበልጣል ነጭ ወረቀት ላይ ጠብታ አፈሰሰ፤ ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ሲደርቅ ቅባት ይተዋል። አልተወም! ወረቀቱን ለአቶ በላይ አሳየሁ፤ ለውዴ አሳየሁ፤ ለሐጂ አሳየሁ። ሐጂ አላዩትም። ሰው በገዛ ንጽሕናው ላይ ምርመራ ሲደረግ ማየት ደስ ይላል እንዴ?

ቀጥሎ ካንዴላዎቹ ተራቸው ደረሰ፤ በሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭሩት ናቸው። አራቱም ተፈትተው ጆንያ ላይ ተደረደሩ። የከሰል ነጋዴ ጣት ይመስላሉ።

«እነዚህ ምነው ጠቆሩ?»

«ነዳጁ ተቃጥሎ አላለቀም ማለት ነው» አለ ይበልጣል። «የተረፈው የጭስ መውጫው ማርሚታ ውስጥ ገብቶ በግለቱ ሲቀጣጠል ነው የሚያስጮኸው።»

«ነዳጁ በዝቶ ነው ወይስ አየሩ አንሶ?»

ይበልጣል ቀና ብሎ አየኝ። «እማማ፣ ይህን ማን ነገረዎት?»

«ዕድሜ ልኬን እሳት ያነደድኩ ሴት ነኝ! እንጨት ታጭቆ ንፋስ ሲያጣ ምድጃ እንደሚያጨስ ለማወቅ ቱርቦ ያስፈልጋል?»

ካንዴላዎቹን መልሶ ገጠመና ሞተሩን አስነሳ። አቤት ጨዋነት! እንደ መምህር ፊት ተማሪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንጎራጉራል። ይበልጣል በጭንቅላቱ ኮፈኑ ውስጥ ገብቶ አዳመጠ፣ ነካካ፣ ምንም አላገኘም። አቶ በላይ ጠላው አልቆ ነበርና «እንግዲህ ሞተሩም ንጹህ ነው፣ ሐጂም ንጹህ ናቸው፤ በይቅርታ እንለያይ» አሉ።

«አይሆንም! ጥፋተኛው ሳይገኝ የሐጂ ንጽሕና ግማሽ ነው። ነገ ደግሞ ሲጮህ እጃቸውን ሊያሸቱ ነው። ደግሞስ ሌባ ዳኛ ፊት ቆሞ ሲሰርቅ የት አይታችኋል? የሚያጠፋው ዳገት ላይ ነው፤ ዳገት ላይ ይጠየቅ!»

የአውጫጭኝ ሕግ ነውና ማንም ወደ ቤቱ አልገባም። ይበልጣል፣ አቶ በላይ፣ ሐጂና እኔ አራት ሆነን መኪናዋ ውስጥ ገባን። እኔ ወፏ ልሁን ብዬ ከፊት ተቀመጥኩና፣ ማንኩሳን ስናልፍ በመስኮቱ አንገቴን አወጣሁ። ሻሼ ወደ ኋላ በረረ፤ አንድ የበርበሬ ጫኝ አህያ ደንግጦ ከመንገድ ወጣ። ዳገቱ ጀመረ። ይበልጣል ረገጠ። ሞተሩ አጓራ። በማጓራቱ መሐል ግን... ፍስስስስ! ከቀኝ በኩል፣ እንደ ተቆጣች እባብ!

ጧ!

«አቁም! ወፏ ተናገረች!»

ይበልጣል ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ሁላችንም እንደ ጉድጓድ አጎነበስንበት። ያ ወናፉንና ሞተሩን የሚያገናኘው ወፍራም ቱቦ ከአፉ አንድ ጣት ያህል ሸርተት ብሏል። የያዘው አንድ የብረት ማጥበቂያ ቀለበት ብቻ ነው። ከቀለበቱ አጠገብ፣ በአቧራና በዘይት በጠቆረው ጎማ ላይ፣ አንዲት ንጹህ መስመር ዙሪያውን ትታያለች። የአውራ ጣቴን ያህል ሰፋ ያለች።

ይበልጣል መስመሯን በጣቱ ነካት። «እዚህ ሁለት ቀለበት ነበር! በእጄ ነው ያሰርኩት። ቱርቦው አየሩን ሲገፋ አንዱ ብቻውን ስለማይችል ነው ሁለት ያደረግኩት። ለካ ቱቦው እየሸሸ አየሩ በጎን ያመልጣል፤ ነዳጁ ግን ልክ አየሩ እንዳለ ሆኖ ይመጣል። ቆሞ ሲሠራ ግፊት ስለሌለ አይታወቅም። አሁን ገባኝ! ግን ሁለተኛውን ማን ወሰደው?»

እናንተዬ... አስታወስኩ!

ያን ቀን ኮፈኑን ከፍቼ ስወለውል ቱቦውን አየሁት። ለአንድ ቱቦ ሁለት ቀለበት! ዞር ብዬ ጓሮዬን አየሁ፤ ስድስት ቤት የሚጠጣበት ጎማ ግን በቡትቶ ታስሮ ያነባል። ለአንድ መኪና ሁለት፣ ለስድስት ቤት ባዶ! ይህ ፍርድ ነው? በቢላዋ ጫፍ ፈታሁና ለቧንቧው ሰጠሁት። በእመቤቴ፣ ልቤ ውስጥ ሰረቅሁ የሚል ነገር አልነበረም፤ አካፈልኩ ነው ያልኩት። ቤት ገብቼ በሰላም ተኛሁ።

«ምናልባት በመንገድ ተፈትቶ ወድቆ ይሆናል» አለ ይበልጣል፣ ራሱን እያከከ።

ተመልከቱልኝ፣ መውጫ በር ከፈተልኝ! መንገዱ ጠጠር ነው፣ ቀለበት ይወድቃል፣ ማን ያውቃል? ለአንድ አፍታ... አልዋሻችሁም፣ ለአንድ አፍታ በሩን አየሁት። ወዲያው ዓይኔ ሐጂ ኑሩ ላይ አረፈ። ከመንገዱ ዳር ቆመው መዳፋቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተዋል። የራሳቸውን እጅ፣ ራሳቸው ያሸትታሉ። ይህን ያደረገው የማን እጅ ነው?

«ይበልጣል» አልኩ፣ «ቀለበቱ ጓሮዬ ቧንቧ ላይ አለ።»

«የማን ጓሮ?» አሉ አቶ በላይ።

«የእኔ።»

«ማን ወስዶት?»

«ዳኛ ሆነው አይሰሙም እንዴ? እኔ ነኛ!»

በዚህ መሐል ሚሊሻው አንሙት ከላይ ከዳገቱ እያለከለከ ደረሰ። «ዛሬም ተኮሳችሁ?»

«ዛሬ ተኳሿ ተይዛለች» አሉ አቶ በላይ፣ በጣታቸው እኔን እያሳዩ።

አንሙት ከሻሼ እስከ ጫማዬ አየኝና ክላሹን ወደ ኋላ አዞረው። «እናቴን? እጅ ከፍንጅ?»

«በገዛ አፏ።»

ይበልጣል ፊቱን ኮፈኑ ውስጥ ቀብሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ ይስቃል! «እማማ» አለ እንባውን እየጠረገ፣ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ብለውኝ ነበር። አህያዋ ተገኘች ማለት ነው?»

«አማትህ መሆኔን እንዳትረሳ!»

«ኧረ እንዴት እረሳለሁ? መኪናዬም አትረሳም!»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ላይ ስተርትበት ኖሬያለሁ። ያን ቀን ተረቱ ቤቱን አግኝቶ ገባ።

ወደ ሐጂ ሄጄ ጉልበታቸውን ልይዝ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ። «ይቅር ብያለሁ፣ ይነሱ እትዬ ትጓደድ፤ በዕድሜዎ!» አቶ በላይም «እንግዲህ በእርጅና ይታለፍ» አሉ። በእርጅና! ሰማችሁ? እኔ ፍርድ እየጠየቅሁ ምሕረት ሊሰጡኝ!

«አይታለፍም! የሐጂ ስም የጠፋው በአደባባይ ነው፤ በአደባባይ ይመለስ። ይበልጣል ባጃጆቹ ሁሉ እያዩ ከሐጂ ቤንዚን ቀድቶ ይህን ዳገት ይውጣ። እኔ ደግሞ አራት የገበያ ቀን ሐጂ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጬ ጥፋቴን ልናገር። ፈርጃለሁ!»

«ዳኛው እኔ አልነበርኩም?» አሉ አቶ በላይ።

ይበልጣል ቀለበቱን በቦታው አሰረና፣ ባጃጅ ነጂዎቹ ፊት ጀሪካኑን ገልብጦ ሞልቶ ቡሬ ደርሶ ተመለሰ። ጧ የለ፣ ፍስ የለ! እኔም በመጀመሪያው ገበያ በርጩማዬን ይዤ ሐጂ ደጃፍ ሄድኩ። ሐጂ ከሱቃቸው ሁለት አዳዲስ ቀለበቶች አምጥተው «ለቧንቧዎ» ብለው ሰጡኝ። አንዱን መለስኩ። ቱቦው አንድ ነው፤ ለአንድ ቱቦ ሁለት ቀለበት ምን ሊያመጣ እንደሚችል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ጮህኩ። «የሐጂ ኑሩ ቤንዚን ንጹህ ነው! ቀለበቱን የወሰድኩ እኔ ነኝ! እኔ ትጓደድ!» በመጀመሪያው ገበያ ሰው ቆሞ ሳቀ። በሁለተኛው ባጃጆች ተመለሱ። በሦስተኛው ሰልፉ መንገድ ዘጋ፤ የሐጂ ወዳጅም መጣና እጃቸውን በሁለት እጁ ጨብጦ ሳያሸት ቆመ።

«እትዬ ትጓደድ» አሉ ሐጂ፣ ከመስፈሪያቸው ቀና ብለው በልመና፣ «ስሜ ጠርቷል፤ ጆሮዬ ግን ሊጠፋ ነው። ይብቃዎት!»

«አራት ተፈርዶብኛል፤ ይህ ሦስተኛዬ ነው። ፍርድ ፍርድ ነው! የሐጂ ኑሩ ቤንዚን...»

በዚህ ጊዜ ሚሊሻው አንሙት የበርበሬ ጆንያ ተሸክሞ ወደ ገበያው ሲያልፍ ድምፄን ሰምቶ ቀጥ አለ። ጆንያውን አወረደና ደብተሩን ከኪሱ መዘዘ።

«ሐጂ፣ ይህችኛዋስ ተመዝግባለች?»

ሐጂ ኑሩ ቤንዚኑን ሳያቋርጡ እየሰፈሩ፣ «ተመዝግባለች» አሉ፤ «ጥይቷ ግን አያልቅም።»